የአዲሱ ጎማ ትርፍ የማን ነው?

ነገሩን ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛችን «ትርፍ» ባለ ብዙ ቤት ቃል ነው። ነጋዴ ሲናገረው ከወጪው በላይ ያገኘው ገንዘብ ነው። የሚኒባስ ረዳት ሲናገረው ከወንበሩ ቁጥር በላይ የተጠቀጠቀው ሰው ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ «ትርፍ ጭነሃል» ብሎ የሚቀጣበት። ከአደጋ የወጣ ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቃሉ ግስ ይሆንና «ተረፍኩ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ትርፉ ገንዘብም ወንበርም አይደለም፣ ነፍስ ነው። ገንዘቡም፣ የተጠቀጠቀው ተሳፋሪም፣ የዳነችው ነፍስም ከአንድ ሥር የበቀሉ ወንድማማቾች ናቸው። ወንድማማቾች ቢሆኑም ታዲያ በአንድ ማዕድ አይስማሙም፤ አንዱ ሲጠግብ ሌላው ይራባል።

ይህን ያነሳሁት ስለ ጎማ ለማውራት ነው። አሮጌ መኪና አዲስ ጎማ ሲገባለት አንድ ነገር ይተርፋል። ትናንት በእጅ ብዛት የሚጎተተው መሪ ዛሬ ይታዘዛል። ፍሬኑ ሲረገጥ መሬቱ ይያዛል። ኩርባው ላይ መኪናው እንደ ድሮው ወደ ዳር አይንሸራተትም። ትናንት ያልነበረ አቅም ዛሬ በእጅ ገባ ማለት ነው። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ ይህ የተረፈ አቅም የማን ነው? ጎማውን በገንዘቡ የገዛው ሰው እንዳሻው ሊመነዝረው ይችላል? ወይስ ሌላ ባለቤት አለው?

ፈላስፎች ስለ አሮጌ ነገርና ስለ አዲስ ክፍሉ ሲጨነቁ የኖሩት በሌላ በኩል ነው። ፕሉታርክ የተባለው የግሪክ ጸሐፊ እንደተረከው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሲየስን መርከብ ጠብቀው ለማቆየት የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ሲተኩበት ኖሩ። ከዚያ ሊቃውንቱ «መርከቡ ያው የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ ሆኗል?» ብለው ለሁለት ተከፈሉ። ጥያቄው መልካም ነው። እኛ አገር ግን ሞተሩ የተቀየረ፣ በሩ ከሌላ መኪና የመጣ፣ ቀለሙ ሦስት ጊዜ የተቀባ መኪና ይዞ ለዓመታዊ ምርመራ የሚሰለፍ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል፤ የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ከገጠመ መኪናው ያው ነው። መኪናው ያው ስለመሆኑ አልከራከርም። የሚያከራክረኝ ሹፌሩ ያው ስለመሆኑ ነው።

ጥያቄውን ጋምቤላ ላይ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ከ2000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ወደ 500 ሜትር ገደማ ያሽቆለቁላል። በደጋው ጉም የተነሳ ጎማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆላ ይገባል። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ ሙቀት ደግሞ ላስቲክ የሚያደርቅና የሚሰነጥቅ የጎማ ጠላት ነው። ከዚያ ዝናቡ ይመጣል። ሜዳው ጥቁር አፈር ነውና ውሃ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ አስፋልት ባለበትም ውሃው መንገዱ ላይ ይተኛል። ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም። ሸክማቸውን በራሳቸው ላይ ያደረጉ ሴቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ከብት የሚነዱ ጎረምሶች፣ ባጃጁም፣ ብስክሌቱም የሚጋሩት መንገድ ነው። አብዛኛው የመንገዱ ባለቤት ጎማ የሌለው ነው።

ያረጀ መኪና ደግሞ በአገራችን ገና ብዙ ዕድሜ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። በእጅ ያለው አሮጌ መኪና እንግዲህ እየተጠገነ ይኖራል እንጂ በቀላሉ አይጣልም። መኪናውን መለወጥ ያልቻለ ሰው ጎማውን ይለውጣል፤ በብዙ ቤት «አዲስ መኪና» ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ ጎማ ምን ያደርጋል? አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን መኪና መሬቱን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቦታ የአንድ ሰው መዳፍ ቢያክል ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ፍሬኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ፣ ሹፌሩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚያዘው በእነዚህ አራት መዳፎች በኩል ነው። የአዲስ ጎማ ጥርስ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በብዙ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። የጥርሱ ሥራ ጌጥ አይደለም፤ ከጎማውና ከመንገዱ መካከል ውሃውን እየቀዘፈ ማውጣት ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃውን ማውጣት ሲያቅተው ውሃው ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መኪናው የሚሄደው በመንገድ ላይ ሳይሆን በውሃ ላይ ነው። መሪውን ቢያዞሩት አይሰማም፣ ፍሬን ቢረግጡት አይቆምም።

እንግዲህ አንድ ሹፌር እናስብ። በጋምቤላና በኢታንግ መካከል አሮጌ ሚኒባስ ይነዳል። አራቱም ጎማ አልቋል፤ ገንዘቡ የሚበቃው ግን ለሁለት ነው። ጎሚስታው ጋ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ሁለቱን አዲሶች ከኋላ እናስገባቸው» ይለዋል ልጁ፣ ክሪኩን እያስጠጋ።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ! መሪው ያለው ከፊት አይደለም እንዴ? እኔ የተቀመጥኩትስ የት ነው?»

ሹፌሩ የተናገረው ሁላችንም የምንለውን ነው፤ ትክክለኛው ግን ልጁ ነው። የፊት ጎማ ከኋላው ቀድሞ ቢንሸራተት መኪናው በታሰበው ልክ አይታጠፍም፣ ወደ ውጭ ይሰፋል። ሹፌሩ ግን ወዲያው በእጁ ላይ ይሰማዋል፤ ነዳጁን ሲለቅና ፍጥነቱ ሲቀንስ ጎማው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይይዛል። የኋላው ቀድሞ ቢለቅስ? ጭራው ይዞራል፤ መኪናው በራሱ ላይ ይሽከረከራል። ይህ ለሹፌሩ የሚሰማው ከሆነ በኋላ ነው፤ በዚያች ቅጽበት መልሶ የሚያቀና ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህም ነው ታላላቆቹ የጎማ አምራቾች፣ መኪናው በፊት ጎማም ይጎተት በኋላ ይገፋ፣ ሁለት ብቻ ከተቀየረ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ የሚሉት።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከጋራዥ ወደ ሥነ ምግባር ይሻገራል። አዲስ ጎማ ከፊት ሲገባ ለሹፌሩ ደስ ይለዋል፤ መሪው ቀለለው፣ እጁ ላይ ተሰማው፣ ገንዘቡ የት እንደገባ አየ። ከኋላ ሲገባ ግን ምንም አይሰማውም። ከኋላ የገባ ጎማ የሚታወቀው ባልሆነ ነገር ነው፤ ባልተገለበጠ መኪና፣ ባልተጮኸ ጩኸት። መሪ የያዘ ሰው ሁሉ፣ የመኪናም ይሁን የመሥሪያ ቤት፣ አዲሱን ነገር መጀመሪያ የሚያስገባው እጁ በሚሰማበት በኩል ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ፣ ከማይታየው በኩል ነው። ለራሱ በሚሰማው ቦታ ያዋለው ገንዘብ ምቾት ይባላል። ሌላው ሰው በሚድንበት ቦታ ያዋለው ኃላፊነት ይባላል። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ልዩነቱ ጎማው የገባበት ቦታ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የሚመጣው መኪናው ከጎሚስታው ከወጣ በኋላ ነው። መሪው ታዘዘ፣ ኩርባው ተያዘ፤ እንግዲህ ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሳም ፔልትስማን የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ አነጋጋሪ ጥናት አሳተመ። መንግሥት መኪኖችን በአስገዳጅ ሕግ አስተማማኝ ሲያደርጋቸው ሹፌሮች ያገኙትን ደኅንነት በፍጥነትና በድፍረት መልሰው ያወጡታል፤ በመኪናው ውስጥ የሚሞተው ቢቀንስ እንኳ ጉዳቱ ወደ እግረኛው ይሻገራል የሚል ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ በጀርመን ሙኒክ ከተማ የአንድ ታክሲ ድርጅት መኪኖች ለሁለት ተከፈሉ። ለገሚሶቹ ኤቢኤስ የተባለው፣ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ፍሬን ተገጠመላቸው፤ ለቀሩት አልተገጠመም። የተሻለ ፍሬን ያላቸው አደጋቸው ያነሰ አልሆነም። የተሻለ ፍሬን እንዳላቸው ያወቁት ሹፌሮች ኩርባውን ይበልጥ በድፍረት ይቆርጡ፣ ከፊታቸው ያለውን መኪና ይበልጥ ይጠጉ ነበር።

ነገሩን ማጋነን ግን አይገባም። በፔልትስማን ላይ ብዙዎች ተከራክረውበታል፤ የደኅንነት ቀበቶ እልፍ አእላፍ ሕይወት ማትረፉም የታወቀ ነው። ደኅንነት ሁሉ በድፍረት ተመንዝሮ ያልቃል ማለት ስሕተት ነው፤ አንዳችም አይመነዘርም ማለትም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀረን ነጥብ አንድ ነው፦ አዲስ ጎማ የሚሰጠው ደኅንነትን ሳይሆን ምርጫን ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከበፊቱ ባጠረ ርቀት መቆም ይቻላል። ወይም በ80 እየነዱ እንደ በፊቱ መቆም ይቻላል። ጎማው ሁለቱንም ይፈቅዳል። የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፤ ምርጫውን ደግሞ ሲመርጥ ማንም አያየውም፣ ራሱም ላያውቀው ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ በመንገድ ላይ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ሦስተኛው ፈተና የረዳቱ «ትርፍ» ነው። ጎማው አዲስ ከሆነ አንድ ሰው ቢጨመር ምን አለበት? ሁለትስ? ጣሪያው ላይ ሁለት ኩንታል ቢወጣስ? ጎማው ራሱ መልስ አለው፤ ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። በመጠኑ አጠገብ የሚታየው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለውን ክብደት ያመለክታል፤ ለምሳሌ 91 የሚል ካለ 615 ኪሎ ግራም ማለት ነው። አዲስም ሆነ አሮጌ ቁጥሩ አይለወጥም። ጎማው ገደቡን በገላው ላይ ተሸክሞ ይዞራል፤ አንባቢ አጣ እንጂ።

በገላ ላይ ስለሚጻፍ ገደብ ካነሳን፣ ጋምቤላ ከጎማ በፊት መርከብ የምታውቅ ከተማ መሆኗን ማስታወስ ይገባል። በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል እ.ኤ.አ. በ1902 የተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ፈቀደ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይመጡ፣ የምዕራቡን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው በእንግሊዝና በሱዳን እጅ ቆይቶ፣ ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዝ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። በታንኳ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያየው ከውሃው በላይ የቀረችው የታንኳው ጠርዝ ባዶ ቦታ አይደለችም፤ ማዕበል ሲመጣ የምታድነው እሷ ናት። ስግብግብ ጫኝ ግን «ገና ቦታ አለ» ይላል።

ይህ የጫኝ አባባል በዓለም ባሕር ላይ ስንት መርከበኛ በልቷል! በእንግሊዝ አገር ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል፣ ከልክ በላይ ተጭነው ስለሚሰምጡ መርከቦች ዓመታት ጮኸ። ጩኸቱ ሰምሮ እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣው ሕግ በመርከቡ ጎን ላይ የጭነት ገደብ መስመር እንዲቀባ አዘዘ። አስገራሚው ነገር ግን መስመሩ የት ቦታ ላይ እንደሚቀባ የሚወስነው የመርከቡ ባለቤት ራሱ ነበር። ባለቤቱ ከፈለገ ከፍ አድርጎ ሊቀባው ይችል ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው ከ14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ለዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መነሻው የእኛው ጥያቄ ነበር፦ ከውሃው በላይ የቀረችው ጠርዝ የማን ናት? ባለቤቱ «መርከቡ የእኔ ነው፣ ጠርዙም የእኔ ነው» አለ። ሕጉ ዘግይቶም ቢሆን «መርከቡ ያንተ ነው፤ ጠርዙ ግን የመርከበኞቹ ነው» ብሎ ፈረደ።

የጎማውም ትርፍ እንዲሁ ይመስለኛል። ይሁንና ሹፌሩም ሊሰማ ይገባዋል፤ ክርክሩ የዋዛ አይደለም። «ጎማውን የገዛሁት በገንዘቤ ነው። ፍጥነትም ኃጢአት አይደለም» ሊል ይችላል። እውነት አለው። ከባሮ የወጣ ዓሣ በዚያ ሙቀት ስንት ሰዓት ይቆያል? የማንጎ ቅርጫት ይዛ ገበያ የምትወርድ ሴት ጊዜዋ ገንዘቧ ነው። ምጥ የያዛት እናት ከገጠር ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ዘገምተኛ ሹፌር አያስፈልጋትም። ከዚህም ሌላ፣ ሹፌሩን «ንዳው እንጂ!» እያለ የሚነዘንዘው ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ነው። ተሳፋሪው ከተስማማ ማን ምን አገባው?

መልሴ ይህ ነው። የተሳፋሪው ስምምነት ዋጋ አለው፤ ስምምነቱ ግን የሚያልፈው በራሱ ነፍስ ላይ ብቻ ነው። በመንገዱ ዳር ሸክሟን ይዛ የምትሄደው ሴት አልተጠየቀችም። ታሪፍ አልከፈለችም፣ ቶሎ ከመድረሱ አንዳች አታገኝም፣ ጎማው አዲስ መሆኑን እንኳ አታውቅም። ከአደጋው ግን ድርሻ አላት፤ ያውም ትልቁ ድርሻ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። እንግዲህ ከአዲሱ ጎማ የተገኘው ትርፍ መጀመሪያ የሚገባው ላልተጠየቀው ሰው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ነፍሱን አደራ ሰጥቶ ከኋላ ለተቀመጠው ነው። ሹፌሩ ሦስተኛ ነው። ምጥ ለያዛት እናት ሲባል ከዚህ ትርፍ ሊበደር ይችላል፤ ብድር መሆኑን ግን ይወቅ። ለአንድ ተጨማሪ ምልልስ ብሎ በየቀኑ የሚወስደው ከሆነ ብድሩ ስርቆት ሆኗል።

«ድሃ ነኝ፣ አራት ጎማ የመግዛት አቅም የለኝም» የሚለውስ ምን ይበል? እርሱ ላይ የሚጫን አዲስ ቀንበር የለም። ሁለት ጎማ መግዛት ከቻለ ከኋላ ያስገባ። አንድም መግዛት ካልቻለ ባለው ጎማ ልክ ይንዳ፤ ሸራው የወጣ ጎማ ይዞ ግን ሰው አይጫን። ከመንገዱ ጋር የሚመጥን ፍጥነት የጎሚስታ ሒሳብ የለውም። ሀብታም በገንዘቡ የሚገዛውን ርቀት ድሃ በትዕግሥቱ ያገኘዋል። በተግባር የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው፤ ጎማው ባለቀ መጠን የቀኑ ገቢ ስለሚያንስ ፍጥነቱ ይጨምራል። ስለዚህ የድሃውን ሹፌር ጥንቃቄ ከእርሱ ብቻ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። መኪናውን አከራይቶ በየማታው ቁርጥ ገቢ የሚቀበለው ባለንብረትም የጎማው ጉዳይ ይመለከተዋል።

አዲስ የሚባለውም ሁሉ አዲስ አይደለም። በጎማው ጎን ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በኋላ ከሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዞች አሉ፤ 1423 የሚል ቢኖር ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2023 በ14ኛው ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል። በሌላ በኩል ጎማው በእርግጥ አዲስ ሆኖ መኪናው ካልተስተካከለ፣ አሞርዛተሩ ከደከመ፣ የፊት እግሩ ከተዛባ፣ ጎማው በጥቂት ወራት ውስጥ በአንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ይገኛል። አዲሱ ጎማ የአሮጌውን መኪና ነውር በገላው ላይ ይጽፋል እንጂ አይሸፍነውም። የሹፌሩን ነውርም እንዲሁ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንድ ቀን ወደ ጋምቤላ ቁልቁል በሚወርድ መኪና ውስጥ ትቀመጥ ይሆናል። ኩርባው ሲበዛና ልብህ ሲደነግጥ ሹፌሩ በመስተዋቱ አይቶህ «አይዞህ ወንድሜ፣ ጎማው አዲስ ነው» ይልህ ይሆናል። ነገሩ ለማጽናናት የተባለ ነውና አትቆጣው። ግን ዝምም አትበል። «አዲስ ከሆነማ ቀስ በልና እንትረፍበት» በለው።